ከኮምቦልቻ የተሳበው ቀይ መስመር

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ለምን እንደሚታመን አይገባኝም። እናንተስ ይገባችኋል? አንድን ነገር በአፋችሁ ብትናገሩት ሰው ፊቱን ያዞራል። በወረቀት ብትጽፉት «በኋላ አየዋለሁ» ይላል። ያንኑ ነገር ቀለም ቀብታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉትና ተመልከቱ። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ «ሱብሃነላህ!» ይላችኋል። እኔ በዚህ ነገር እንጀራ ስለምበላ ማማረር አልነበረብኝም። ግን አማርራለሁ። ሳያማርሩ ወግ የት አለ?

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳችሁ። አባቴም እስካሁን ስላልገባው፣ እናንተም ቶሎ ባይገባችሁ አልቀየምም። ሪያድ ውስጥ አንድ ድርጅት አለ፤ ስሙ ይቅርብን። የሌሎች ድርጅቶችን የኮምፒውተር መረብ ይጠብቃል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን በር ነካካ ሲል ይውላል። የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ ይመዘገባል፤ ነገር ግን መዝገቡ ጎርፍ ነው፣ የሰው ዓይን አይችለውም። የኔ ሥራ ያንን ጎርፍ ሥዕል ማድረግ ነው። በዓለም ካርታ ላይ ክብና መስመር እየሳልኩ ቀለም እቀባለሁ። ትልቅ ክብ ካያችሁ እዚያ ብዙ ነገር አለ ማለት ነው። ቀይ ካያችሁ ደግሞ ሄዳችሁ አጣሩ ማለት ነው። «አጣሩ» ነው ያልኩት። «ጩኹ» አላልኩም። ይህችን ልዩነት ሳስረዳ ዕድሜዬ አለቀ።

አባቴ ባዲዓ በሚባለው የሪያድ ሰፈር የሚኖር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሴት መሪ በማትጨብጥበት በዚያ ዘመን ወደ ሥራ የሚያደርሰኝም እሱ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ «ለመሆኑ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ፣ ማብራራቱ ታከተኝና «ሥዕል እሥላለሁ» አልኩት። ምን ነክቶኝ ነው? በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ሠዓሊነቴን ሰምቷል። አንዱ ጎረቤታችን ጭራሽ የሳሎኑን ግድግዳ በፏፏቴ እንድሞላለት ሊለምነኝ መጣ። እምቢ ስለው ኮራች ተባልኩ።

ወደ ብስጭቴ ልመለስ። የኔ ሥዕል የሚታይበት ትልቅ ስክሪን የተሰቀለው በወንዶቹ ክፍል ነው። እኔ ያለሁት ደግሞ በሴቶቹ ክፍል፣ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። መግቢያችንም ሊፍታችንም ለየብቻ ነው። እነሱ ወደ እኛ አይወርዱም፣ እኛም ወደ እነሱ አንወጣም። ስለዚህ የገዛ ሥዕሌን ግድግዳው ላይ ሆና በዓይኔ አይቻት አላውቅም። የማውቃት በትንሿ ኮምፒውተሬ ላይ ነው። ላይ ቤት ምን እንደምትመስል የሚነግረኝ አለቃዬ አቡ ቱርኪ ነው፤ በስልክ። መሐንዲስ ለማለት «ሙሀንዲሳ» ይለኛል።

«ሙሀንዲሳ ሰሚራ፣ አፍሪካ በሩ ጋ ወጣችብኝ፤ ሰው በገባ ቁጥር በሩ ይሸፍናታል።»

እሺ፣ አፍሪካን እገፋታለሁ። ትንሽ ቆይቶ ይደውላል።

«አሁን ደግሞ አሜሪካ መጋረጃ ውስጥ ገባች።»

መጋረጃውን ገለጥ አታደርገውም ወይ? አይባልም፤ ሙዲር ነው፣ አለቃ። ዓለምን ከወዲህ ወዲያ ሳንሸራሽር እውላለሁ።

አቡ ቱርኪ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። በረመዳን ለሴቶቹ ክፍል ቴምር በካርቶን የሚያወርድ ሰው ነው። አንድ ሕመም ብቻ አለበት፤ ቀይ ይወዳል። መጀመሪያ የሠራሁለት ካርታ የታመነ ካርታ ነበር። ዕለቱ ሰላም ስለነበር አብዛኛው ግራጫ ሆነ፤ እዚህም እዚያም ቢጫ ነጠብጣብ አለበት። እኔ በሰላሙ ደስ ብሎኛል። እሱ ደወለና «ይሄ ምንድን ነው? ሞቷል እኮ!» አለኝ።

አንድ ጊዜ ደግሞ መላዝ ሰፈር ካለ የደንበኛችን ቅርንጫፍ ትሪ የሚያህል ቀይ ክብ ወጣ። ጉድ ፈላ። ሰው መኪና አስነስቶ ሄደ። ለካስ አንድ ፕሪንተር ነው። ወረቀት አልቆበት «ወረቀት! ወረቀት!» እያለ መረቡን ሁሉ ሲጣራ ነው የዋለው። ወረቀቱን አጎረሱት፣ ክቡም አረንጓዴ ሆነ። ተመስገን አያሰኝም? አቡ ቱርኪ ግን ቅር አለው። «ቢያንስ እስከ ዙህር ቀዩን ብትተዪው ምን ነበር?» አለኝ።

እንግዲህ በዚህ ሰው እጅ ነው የኢትዮጵያ መስመር የወደቀችው።

አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ሙሀንዲሳ፣ ከሀገርሽ ሌባ መጥቶብናል!» ካርታዬን ተመለከትኩ። እውነትም ከሪያድ ተነስታ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግራ፣ ወሎ ላይ የምታርፍ አንዲት ወፍራም ቀይ መስመር አለች። የተነሳችውም ከደንበኛ አይደለም፣ ከራሳችን ሕንጻ ነው። ያወፈርኳት ራሴ ነኝ፤ ካርታውን ስሠራ ሳይቋረጥ ለረጅም ሰዓት የቆየ ግንኙነት ሁሉ እንዲወፍር አድርጌዋለሁ። ምክንያቱም የእውነተኛ ሌባ አንዱ ምልክት እሱ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያወጣል።

ላይ ቤት ደግሞ ኢንጂነር ነቢል የሚባል አማካሪ ተቀጥሮ ነበር። ቀይ ብርሃን በምትረጭ ብዕር ግድግዳ እየነካ የሚያስረዳ ሰው ነው። እሱም ትንታኔ ሰጠ፤ አቡ ቱርኪ ቃል በቃል አወረደልኝ። መስመሯ አንዳንዴ ድንገት ትጠፋለች፣ ከዚያ ተመልሳ ትመጣለች። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የለችም። ስለዚህ፣ አለ ኢንጂነር ነቢል፣ ጠላት እንደምናየው አውቋል። በፈረቃ የሚሠራ የተደራጀ ቡድን ነው።

በፈረቃ! እኔ ሪያድ ብወለድም ኮሌጅ የገባሁት አዲስ አበባ ነው። በፈረቃ የሚጠፋ ነገር እዚያ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ መብራት። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ተከትሎት እንደሚሄድ ለኔ ማን ይነግረኛል? ለፈተና ሳጠና ስንቴ አልቅሼበታለሁ!

ተነስቼ መስመሯን ከሥሯ ፈለግኳት። ሩቅ አልሄድኩም። ከወንበሬ ጀርባ ያለው የሻይ ጓዳ ወሰደችኝ።

ጓዳው የሉባባ ነው። ሉባባ ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ሻይ የምታፈላልን፣ ወለሉን የምታጸዳልን ሴት ናት። ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እኔ እህቴ እላታለሁ፣ እሷም እህቴ ትለኛለች። ስልኳ ከሻይ ቅጠሉ ጣሳ ጋር ተደግፎ፣ ቻርጀር ተሰክቶበት፣ ለሠራተኛ ሁሉ በተከፈተው ዋይፋይ ላይ ነው። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ብርጭቆ ታጥባለች። ከስልኩ ውስጥ ዶሮ ይንጫጫል፤ አንድ ሰው ይስላል።

«እህቴ ሉባባ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ኧረ ከማንም።»

«ይሄ የተከፈተውስ?»

«እናቴ ናት። እሷም እዚያ ናት፣ እኔም እዚህ ነኝ።»

አያችሁ ነገሩን? አያወሩም። ሪያድ ውስጥ ያሉ እህቶቻችን ይህን ልማድ ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ግን ብዙዎቹ ያደርጉታል። ጥሪውን ከፍተው ያስቀምጡታል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ሥራው። አንዷ መላዝ ማዳሟ ቤት ሩዝ የምትቀቅለው ስልኳን ጡቷ ሥር ወሽቃ ነው፤ በዚያኛው ጫፍ ልጇ የቤት ሥራ ይሠራል። አንዳንዴ «አለሽ?» ይባላል። «አለሁ» ይባላል። ያ ነው ወሬው በሙሉ። ምስሉማ ኔትወርኩ ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚመጣው፤ ዋናው ድምፁ ነው።

የሉባባ ግን ከዚያም ያለፈ ምክንያት ነበረው። እናቷ እማማ ዘምዘም እግራቸውን ታመው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ጊዜ ከመደባቸው ወድቀው፣ የሚያነሳቸው ጠፍቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ ዋሉ። ሉባባ ያን ስትሰማ ሥራውን ጥላ ልትሄድ ነበር። ግን እሷ ከሄደች ማን ያሳክማቸዋል? ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይዘጋም። ሌላ ቀን እንደገና ሲወድቁ ሉባባ ከዚህ ጓዳ «ወይኔ!» ሲሉ ሰማች፤ በሌላ ስልክ ጎረቤታቸው ጦይባ ጋ ደወለች፣ ጦይባም እየሮጠች ገብታ አነሳቻቸው። ግድግዳ ብቻ የሚለያት ጦይባ ሳትሰማ፣ ባሕር ማዶ ያለችው ልጅ ሰማች።

ይህን ሰምቼ ወደ ወንበሬ ስመለስ ስልኬ ይጮሃል። አቡ ቱርኪ ውሳኔ ወስኗል። ኢትዮጵያ በሙሉ ይዘጋ። የሴቶቹ ዋይፋይም ይዘጋ። የስልኩ ባለቤት ትታወቅና ያስመጣት አሠሪ፣ ከፊሏ፣ ይረከባት፤ ተርሂል፣ ወደ ሀገሯ።

«አቡ ቱርኪ፣ ሌባ አይደለም። አንዲት ሠራተኛ ከእናቷ ጋር ነች።»

«ከጠዋት እስከ ማታ? ምን ያወራሉ?»

«ምንም አያወሩም።»

«ምንም?» ድምፁ ተለወጠ። «ዝም ብለው ነው የሚውሉት? ይሄማ የባሰ ነው!»

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እናት የሌለው አይደለም እኮ። እናቱ እዚሁ ሪያድ፣ ከቤቱ ፎቅ ላይ ነች፤ ደረጃ ወጥቶ ግንባሯን ይስማል። ዝም ብሎ አብሮ መዋልን እሱ በሶፋ ላይ ነው የሚያውቀው፤ በስልክ ሲሆን ሸፍጥ ይመስለዋል። ተናደድኩ። የሉባባን ስምም አልነግርህም አልኩት። «ግድግዳውን ሊያዩ ከበላይ እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ከነሱ በፊት ስሟን እፈልጋለሁ» ብሎ ዘጋው።

በቃል ካልሆነ በሥዕል ይሆናል አልኩ። ሥዕል ነዋ የሚያምነው! ካርታውን ቀየርኩት። መስመር የሚወፍረው በቆይታው መሆኑ ቀርቶ በተሸከመው ጭነት እንዲሆን አደረግኩ። ምስል የሌለው ጥሪ ምን ጭነት አለው? ሳል ነው፣ የዶሮ ጩኸት ነው። የኢትዮጵያ መስመር ወዲያው ክር አከለች፤ ቀለሟም ግራጫ ሆነ። ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ዛሬም ማንም ፊት ቆሜ እከራከርለታለሁ። ለአቡ ቱርኪ ነገርኩት።

«ስላከሳሽው ሌብነቱን ተወ?» አለኝ።

አያናድድም? ሰውዬው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሥዕልን ተጠራጠረ፤ እሱም ሥዕሉ እውነቱን ሲናገር።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ላይ ቤት ልምምድ ተደረገ። መብራት ደብዘዝ፣ ወንበር ተርታ፣ ስክሪኑ ወለል። ስልኬ ጮኸ።

«ምን አደረግሽው? ግድግዳው ባዶ ነው!»

«ሰላም ነው ማለት ነው።»

«ሰላም ለማየት ማን ይመጣል፣ ሰሚራ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ያቺ የሀገርሽ መስመር… መልሻት። ወፈር አድርጊያት። ቀይ።»

«ትዘጋ ብለህ ነበር እኮ!»

«ማን? እኔ? ኸላስ፣ ያለፈው አለፈ። እንዲያውም ለልጅቷ ንገሪያት፤ ነገ እንዳትዘጋ።»

«ከነገ በኋላስ?»

«ኢንሻአላህ» አለ።

ሪያድ ያደገ ሰው ኢንሻአላህን በዜማው ይለየዋል። ይሆናል የሚል አለ፤ እንጃ የሚል አለ፤ ተይኝ የሚል አለ። የሱ ሦስተኛው ነበር። ምን ምርጫ አለኝ? መስመሯን አወፈርኳት። ቢያንስ ነገን ትውላለች። ለሉባባ ነገ ስልኩን እንዳትዘጋው ስላት ግራ ገባት። «መቼ ዘግቼው አውቃለሁ?» አለችኝ።

በማግስቱ አቡ ቱርኪ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍቶ ተወው፤ ያዢ ሲለኝ እንድይዝ፣ አጉዪ ሲለኝ እንዳጎላ። እኔም በአንዱ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ በማላየው የወንዶቹ ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ሆንኩ። ጫማ ይረግጣል። ወንበር ይሳባል። ፊንጃል ይቀጫጨላል። የጓዳው በር ከኋላዬ ክፍት ስለሆነ በሌላው ጆሮዬ የሉባባን ብርጭቆዎች እሰማለሁ።

ኢንጂነር ነቢል ጀመረ። ይህች የምታዩዋት፣ አለ፣ የምናውቃት መስመር አይደለችም። ከኋላዋ የሠለጠነ ቡድን አለ። ትዕግሥተኞች ናቸው፤ ድምፅ አያሰሙም፤ አይተኙም።

ያ የሠለጠነ ቡድን በዚያች ሰዓት ከሻይ ቅጠሉ ጣሳ አጠገብ «እሽ! እሽ! ውጪ ከዱቄቱ!» እያለ ዶሮ ያባርር ነበር።

ልስቅ ስል መስመሯ ጠፋች።

ካርታው ላይ ወሎ ባዶ ሆነ። ከዚያ ኢንጂነር ነቢል፣ አላህ ይይለትና፣ «መከትነው!» አለ። አንዱ አጨበጨበ። ሌላው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም።

ታች ቤት ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። «እማ?» አለች ሉባባ። «እማ! እማ ስሚኝ!» አረፋ በያዘ እጇ ስልኩን አነሳችው። ዝም። ጦይባ ጋ ደወለች፤ አይሠራም። ደገመችው፤ አይሠራም። በአንዱ ጆሮዬ ጭብጨባ፣ በአንዱ ጆሮዬ እሷ። መብራት ነው እንዳልላት፣ መብራት ላይሆን ይችላል እኮ! ወድቀው ቢሆንስ? ዘወር ብዬ «አብሽሪ» ለማለት አፌን ስከፍት እሷ «እማዬ!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቱም በኔ ማዳመጫ ማይክ በኩል ወደ ላይ ቤት ገባ።

ጭብጨባው ቆመ። አንድ የማላውቀው ትልቅ ሰው ድምፅ «ምንድን ነው እሱ?» አለ።

አቡ ቱርኪ ቀስ ብሎ «የሴቶቹ ክፍል ነው» አለ። «በድሉ ደስ ብሏቸው ነው።»

ማዳመጫውን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬም ይሂድ። ጓዳው ወለል ላይ ከሉባባ አጠገብ ተቀመጥኩና አብሬያት አለቀስኩ። የብርጭቆውን ስብርባሪ ማንም አላነሳውም።

ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ስልኳ ጮኸ። እማማ ዘምዘም ናቸው። መብራት ሄዶ ነው፤ ደግሞም ዶሮዋ ዱቄቱን ደፋችባቸው፤ ደግሞም ሉባባ ለምንድን ነው እንዲህ የምታለቅሰው፣ ሰው ሞቷል ወይ? ሉባባ ትስቅም ታለቅስም ጀመር።

ወዲያው የኔ ስልክ ጮኸ፤ አቡ ቱርኪ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጓል። «ተመለሰች?»

«ማን? መስመሯ ወይስ እናትየው?»

«ሁለቱም» አለ።

«ተመልሰዋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ይሄኛው እውነተኛ ነበር፤ ዜማውን አውቀዋለሁ። ከዚያ የእንግዶቹን ትእዛዝ ነገረኝ። ያቺ መስመር እንዳትነካ። ማንም እንዳይዘጋት። እንዲህ ያለ ብልህ ጠላት በሩ ተዘግቶበት ከሚሸሽ፣ ክፍት ትተን ብናጠናው ይሻላል ብለዋል። የሴቶቹ ዋይፋይም ለጥናቱ ሲባል እንዲጠናከር ታዟል።

ገባችሁ? እናትና ልጅ ናቸው ብዬ ለምኜ ያላገኘሁትን፣ አደገኛ ናቸው ሲባል ያለ ልመና አገኘሁት። እውነቱን መናገር ጥሩ ነው እያሉ ያሳደጉኝ ሰዎች እስቲ መጥተው ያስረዱኝ። አሁን በዚያ ሕንጻ ውስጥ እንደ ሉባባ ስልክ ጥበቃ የሚደረግለት ነገር የለም። ኮምቦልቻ መብራት በሄደ ቁጥር አቡ ቱርኪ ይደውላል። «ጠላታችን ምን ሆነች? ደህና ናት?» ይለኛል። «መብራት ነው» እለዋለሁ። «ኢንሻአላህ ትመጣለች» ይላል።

በቀደም ሻይ ልቀዳ ጓዳ ስገባ ኔትወርኩ ደስ ብሎት ምስል ነበር። እማማ ዘምዘም አዩኝና ከቤተሰቦቼ ጤና ጀምረው ብዙ ጠየቁኝ። በመጨረሻ «ለመሆኑ ልጄ፣ እዚያ ትልቅ ቤት አንቺ ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ሥዕል እሥላለሁ ልላቸው ነበር፤ ፏፏቴው ትዝ አለኝ። «እርስዎ ሰብረው እንዳይገቡብን መከላከል ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

ድምፁ እስኪደርሳቸው ትንሽ ቆየ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ? እኔኮ ልጄ፣ ከመደቤ እስከ በሩም ጦይባ ደግፋኝ ነው!» ሳቁን ሲጨርሱ እግራቸውን አሸት አደረጉ። «እግሬ የዳነ ቀን ግን ፍሩኝ። ሌላ ዕቃ አልነካባችሁም። ገብቼ ያቺን ልጄን ይዤ ነው የምወጣ።»

ሉባባ ጀርባዋን እንደሰጠች ነበር። ብርጭቆውን ታጥባለች፤ ያንኑ አንዱን ብርጭቆ።

ሻዬን ይዤ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። መስመሯን አየኋት። ቀይ ናት፣ ወፍራም ናት። አቡ ቱርኪ ቀለሟን እንድቀይር ቢለምነኝ እንኳ አሁን አልቀይረውም።